«ሊደርነቱን ልስጥህ?» ስትባሉ፦ «እሺ» ከማለታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ከምሽቱ 4 ሰዓት። ዳታ ልታጠፉ ስትሉ የክላናችሁ ሊደር በውስጥ መስመር ይጽፍላችኋል፦ «ሥራ በዝቶብኛል አቦ፤ ሊደርነቱን ላንተ ልስጥህ?» መጀመሪያ የሚሰማችሁ ደስታ ነው። ከዚህ ሁሉ ልጅ መሃል እናንተ ተመርጣችኋል። ስማችሁ ስር «ሊደር» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። «እሺ» ብሎ ለመመለስ ደግሞ ሁለት ሰከንድ አይፈጅም።

እኔም እንደዛ ነው «እሺ» ያልኩት። ወሩ ኅዳር ነበር፣ አብዛኞቹ የክላናችን ልጆች ከጅማ፣ ከአጋሮ፣ ከጌራና ከሊሙ ነበሩ። ስቀበል 43 ሰው ነበርን። ወር ሳይሞላ 28 ቀረን። ምን እንዳጠፋሁ ወደ ታች እነግራችኋለሁ፣ መጀመሪያ ግን ሥራው ራሱ ምን እንደሆነ እንይ። ብዙዎቻችን ሊደርነት ማለት ከሁሉም የተሻለ መጫወት ይመስለናል፤ አይደለም።

ምሳሌዬ ክላሽ ኦፍ ክላንስ ነው። ፐብጂ እና ፍሪ ፋየር የምትጫወቱ አትቀየሙ፤ ክላን ወይም ጊልድ መምራት እዛም አለ። ግን በእኛ አካባቢ ኔትወርክ የክላሽ ነገር ይለያል። ፐብጂ ላይ አራት ሰው በአንድ ሰዓት መገኘት አለበት፣ ሰርቨሩም ከአገር ውጭ ስለሆነ ኔት ትንሽ ከተንቀረፈፈ ጠላት ሳታዩት ትሞታላችሁ። ክላሽ ላይ ግን እናንተ ስታጠቁ ባላጋራው ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ዋይፋይ የሚያገኝ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪና ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ የሚወጣ የጌራ ልጅ አንድ ክላን ውስጥ የሚቆዩት ለዚህ ነው። ሊደሩን የሚያደክመውም ይኸው ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ የሚያገኛቸው ሰዓት የለም።

አንድ ክላን እስከ 50 ሰው ይይዛል። ከታች ተራ አባል፣ ከዚያ ኤልደር፣ ከዚያ ኮ-ሊደር፣ ከላይ ሊደር። ኮ-ሊደር ዋር ማስጀመርና ኤልደርና አባል ማባረር ይችላል፣ ሌላ ኮ-ሊደርን ግን አይነካም። ሊደር አንድ ብቻ ነው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፦ ሊደርነትን ለሌላ ሰው ስትሰጡ እናንተ በዛው ቅጽበት ኮ-ሊደር ትሆናላችሁ። «ለሳምንት ያዝልኝ» ብላችሁ የሰጣችሁት ሰው ካልፈለገ አይመልስም። ይባስ ብሎ ሊያባርራችሁም ይችላል፤ የሚከለክለው ነገር የለም።

አሁን ሰዓቱን እንቁጠር።

መደበኛ ዋር ላይ አንድ ተጫዋች ሁለት አታክ አለው። አንዱ አታክ 3 ደቂቃ ነው፣ ከዚያ በፊት ቤዙን የምታዩበት 30 ሰከንድ አለ። በአጠቃላይ 7 ደቂቃ። አባል ከሆናችሁ ዋር ማለት ይኸው ነው። ሊደሩ ግን ማን ይገባል ማን ይቀራል ብሎ ይመርጣል፣ ካስል ውስጥ ወታደር መሙላቱን ያያል፣ ማን የትኛውን ቤዝ ይምታ ብሎ ይመድባል፣ ያልመታውን በቴሌግራም እየፈለገ ይቀሰቅሳል፣ ሲሸነፉ ደግሞ የሚሰደበው እሱ ነው። 15 ለ15 በሆነ ዋር 30 አታክ አለ፤ ሠላሳውንም በዓይን መከታተል ነው።

ሰዓት አቆጣጠሩም የራሱ ጣጣ አለው። ዝግጅቱ 23 ሰዓት፣ ውጊያው 24 ሰዓት፣ አንድ ላይ 47 ሰዓት ነው። ሰኞ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ዋር ካስጀመራችሁ ረቡዕ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ያልቃል ማለት ነው። የመጨረሻዋ አንድ ሰዓት ደግሞ ወሳኝ ናት፤ ሰነፉም ጎበዙም አታኩን ለሷ ያስቀምጣል። ስለዚህ ሊደር «ፈልግ» የሚለውን ከመጫኑ በፊት ማሰብ ያለበት ከ47 ሰዓት በኋላ ልጆቹ የት እንደሚሆኑ ነው። ረመዳን ላይ መጨረሻው ከመግሪብ ጋር ከገጠመ በቃ፣ ጅማ ላይ ስልኩን የሚያነሳላችሁ የለም። በሾርባና በሳምቡሳ ሰዓት ማን ይዋጋል?

ይህ የሳምንት ነገር ነው። በየወሩ መጀመሪያ ደግሞ ሊግ አለ። ስምንት ክላን አንድ ምድብ ውስጥ ይገባና ሰባት ቀን በተከታታይ ይዋጋል፣ በቀን ለአንድ ሰው አንድ አታክ። 15 ሰው ወይም 30 ሰው አድርጎ የሚያስመዘግበው አመራሩ ነው። ሲያልቅ ተጨማሪ ሜዳል ለማን ይሰጥ የሚለውንም የሚወስነው አመራሩ ነው። ጠቡ ያለው እዚህ ጋ ነው።

እንግዲህ የእኔ ጥፋት።

ኅዳር ላይ በእኛ በኩል ያለውን ነገር የአካባቢው ልጅ ያውቀዋል። የቡና ለቀማው የሚበረታው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ጎማ፣ ጌራ፣ ሊሙ፣ ማና ሁሉም ቤት ወጣት እጅ ይፈለጋል። ለቃሚ የሚከፈለው በኪሎ ነው፣ ስለዚህ ቀኑ የገንዘብ ቀን ነው። ቀይ እሸቱ ወደ ማጠቢያ ጣቢያ የሚደርሰው ከሰዓትና አመሻሽ ላይ ነው፤ ካደረ ጥራቱ ስለሚበላሽ በዛው ቀን መፈልፈል አለበት። ጣቢያ ላይ የሚሠራ ልጅ ሌሊቱን ሊያጋምስ ይችላል። መብራት በሌለበት ማሳ የሚውል ደግሞ ስልኩን ቻርጅ የሚያደርገው ከተማ ወርዶ ሱቅ ውስጥ በመክፈል ነው።

ይህን ሁሉ እያወቅኩ የኅዳር መጨረሻውን ሊግ በ30 ሰው አስመዘገብኩት። ለምን? ትልቅ ክላን መምሰል ፈልጌ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም። የመጀመሪያ ቀን ከ30 አታክ 17 ተመታ። ቻት ላይ ተሳደብኩ። በሁለተኛው ቀን ማንንም ሳልጠይቅ አራት ልጆች አባረርኩ። ከአራቱ አንዱ ስልኩን ከተማ ሱቅ ቻርጅ ላይ ትቶ ለቀማ የሄደ ልጅ ነበር። ሦስት ቀን ቆይቶ ስልኩን ሲከፍት ከሁለት ዓመት ክላኑ ውጭ ነው። «ወላሂ አልሰማሁም፣ ማሳ ነበርኩ» ብሎ ጻፈልኝ። ምን ብዬ እንደምመልስ ጠፋኝ።

በዚህ አላበቃም። ሊጉ ሲያልቅ አንዱን ተጨማሪ ሜዳል አብሮኝ ለሚኖረው ልጅ ሰጠሁ። ጥሩ ተጫውቷል፣ አይካድም። ግን ከእሱ የበለጠ ኮከብ ያመጡ ሁለት ልጆች ነበሩ፣ ሰንጠረዡ ደግሞ ለሁሉም ይታያል። በነጋታው አንዱ ኮ-ሊደር አሥር ልጆች ይዞ ወጣና ሌላ ክላን ከፈተ። ልክ ነበር።

15 ሰው ብቻ አስመዝግቤ ቢሆን፣ ለቀማ ላይ ያሉትን አሳርፌ ቢሆን፣ ከሁሉም በላይ «ኅዳርን ማን ይችላል?» ብዬ አስቀድሜ ጠይቄ ቢሆን ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። ጨዋታው ራሱ እኮ «ዋር ውስጥ አለሁ» ወይም «የለሁም» ብሎ መምረጫ አለው፤ አረንጓዴና ቀይ ምልክቷን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ቀይ ያደረገ ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ ሥራ ላይ ነኝ እያላችሁ ነው።

የተማሪዎቹ ነገር ደግሞ ከቡናውም ይከብዳል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተገብቶ ሲሰጥ፣ ተፈታኝ ስልክ ይዞ መግባት አይችልም። ይህ ለሊደር ቀላሉ ክፍል ነው፣ ልጆቹ ለጥቂት ቀን ይጠፋሉ፣ ይመለሳሉ። ከባዱ ከዚያ በፊት ያሉት ወራት ናቸው። በዚያ የመጀመሪያ ዙር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። በእነዚያ ዓመታት ከመቶ ልጅ ሦስትና አምስት ባለፈበት ፈተና ዓመት ውስጥ ያለ ልጅ ሊደርነት ሲሰጠው «ችሎታ አለኝ ወይ?» ብሎ መጠየቁ ትርጉም የለውም። የሰዓቱን ሂሳብ ከላይ አይታችኋል። 12ኛ ክፍል ከሆናችሁ አትቀበሉ፤ ኤልደር ሆናችሁ 7 ደቂቃችሁን ተጫውታችሁ ውጡ። እናንተም ሊደር ከሆናችሁ ለ12ኛ ክፍል ልጅ አትስጡ።

(የዓለም ጤና ድርጅት «የጌም ሱስ» የሚባለውን በበሽታ ዝርዝሩ አስገብቶ ዝርዝሩ ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። ብዙ መጫወት ብቻውን በሽታ አይባልም። መቆጣጠር ሲያቅት፣ ጨዋታው ከሌላው ሕይወት ሲቀድም፣ ጉዳቱ እየታየም ሲቀጥል፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ለ12 ወር ነው። ሊደር ሆናችሁ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተነስታችሁ አታክ የምትቆጥሩ ከሆነ ግን ለምን እንደምታደርጉት ራሳችሁን ጠይቁ።)

ወደ ብር ልምጣ፣ ጓደኝነት የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው።

ብዙ ክላን ውስጥ መዋጮ አለ። ለውድድር መግቢያ፣ ጎበዝ ለሆነ ልጅ ጎልድ ፓስ ለመግዛት፣ አንዳንዴም ለታመመ አባል። የውጭ አገር ክፍያ የሚሠራ ካርድ ያለው ሰው ጥቂት ስለሆነ ግዢው የሚያልፈው በቴሌግራም በሚሸጡ ልጆች በኩል ነው፣ ክፍያው ደግሞ በቴሌብር። ከዚያ ማን ይሰብስብ? «ሊደሩ!» ይባላል። እናም የእናንተ ስልክ ቁጥር የክላኑ ባንክ ይሆናል። ከ20 ልጅ 50 50 ብር ከገባ 1000 ብር ነው። ሻጩ ብሩን ተቀብሎ ቢጠፋ 20 ልጅ የሚያውቀው የእናንተን ስም ነው።

እናቶቻችን ይህን ችግር ከፈቱት ቆይቷል። እቁብ ውስጥ ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለ። ዳኛው ሰው ያስማማል፣ ዕጣ ያወጣል፤ ብሩን የሚይዘው ሌላ ነው፣ የሚጽፈው ሌላ። ክላንም እንደዚያ ይሁን። ሊደር ከሆናችሁ ብሩ በእናንተ ቁጥር አይግባ። የሚሰበስበው ሌላ ልጅ ይሁን፣ እያንዳንዱ የቴሌብር ደረሰኝ ስክሪንሾት ተደርጎ ግሩፑ ላይ ይለጠፍ። «አታምኑኝም ወይ?» የሚል ገንዘብ ያዥ ካጋጠማችሁ ደግሞ ያኔውኑ ቀይሩት።

«ሊደርነቱን ከነአካውንቱ ልሽጥልህ» የሚልም አለ። አካውንት መሸጥና መግዛት የጨዋታው ባለቤት ሱፐርሴል የሚከለክለው ነገር ነው፣ ሊዘጋባችሁ ይችላል። ከዚያም በላይ ሻጩ በኢሜይሉ መልሶ ሊወስደው ይችላል። ሊደርነት የሚቀመጠው ስልክ ላይ ሳይሆን አካውንቱ ላይ ነው። ስለዚህ ከመቀበላችሁ በፊት የራሳችሁ አካውንት በሱፐርሴል አይዲ መያዙን፣ ኢሜይሉም በትክክል የምትከፍቱት መሆኑን አረጋግጡ። ስልካችሁ መርካቶ ላይ ቢሰረቅና ኢሜይሉን ረስታችሁት ቢሆን ክላኑም አብሮ ነው የሚሄደው።

ሌላው ቻቱ ነው። የጅማ አካባቢ ክላን ውስጥ ኦሮሚኛና አማርኛ ተቀላቅሎ ይጻፋል፣ ከዳውሮ፣ ከየም፣ ከከፋ፣ ከጉራጌ የመጣ ልጅ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ደስ የሚል ነገር ነው፤ አንዱ በኦሮሚኛ ይቀልዳል፣ ሌላው በአማርኛ ይመልሳል፣ ሁሉም ይስቃል። ሰላም የሌለበት ዜና የተሰማ ቀን ግን የዋር ወሬው ይቆምና ብሔር ውስጥ ይገባል። ያን ቀን ሊደር መሆን ከባድ ነው። ዝም ካላችሁ የተሰደበው ይወጣል፣ አንዱን ካባረራችሁ «የእነሱ ወገን ነው» ትባላላችሁ። የሚሻለው ሕጉን ከጠቡ በፊት ማውጣት ነው፦ ብሔርን ወይም ሃይማኖትን የሰደበ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ምርጥ አታከራችንም ቢሆን፣ ይወጣል። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ 1185/2012 እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ማሰራጨት ወንጀል ያደርገዋል፤ «ግሩፑ የጌም ነው» ማለት ከዚያ አያድንም። ለሴቶች የሚላክ የውስጥ መልዕክትም እንደዛው ነው። የወንድ ስም አውጥተው የሚጫወቱ ሴቶች አሉ፣ ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው። አንዷ መጥታ ስክሪንሾት ካሳየቻችሁ ነገሩን እንደ ቀልድ አታሳልፉት።

ኔትም ይጠፋል፣ ይህን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ሰኔ 22 ቀን 2012 ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ተዘግቷል። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ደግሞ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ያለ ቪፒኤን አይከፈቱም ነበር። ሁለቱ ለክላን የተለያዩ ናቸው። በሁለተኛው ጨዋታው ራሱ አልታገደም፤ የጠፋው ግሩፑ ነው፣ ስለዚህ ሁሉን ነገር ቴሌግራም ላይ ያደረገ ክላን ተበተነ ማለት ይቻላል። በመጀመሪያው ግን አገር ውስጥ ያለ ሰው በሙሉ ይጠፋል። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ኮ-ሊደር ውጭ አገር የሚኖር ይሁን፣ ሳዑዲ ወይም ዱባይ ያለ የአገር ልጅ። ዋናው ማስታወቂያ ደግሞ ጨዋታው ውስጥ ባለው ቻት ላይም ይጻፍ።

እሺ፣ ይህን ሁሉ ሰምታችሁ አሁንም መቀበል ትፈልጋላችሁ። መጥፎ ሐሳብ አይደለም። እኔ ሰው ማዳመጥ የተማርኩት እዛ ነው፣ ያውም በውድ ዋጋ። ግን «እሺ» ሳይሆን «እስከ መቼ?» ብላችሁ መልሱ።

እዚህ ጅሬን ላይ ቤተ መንግሥታቸው የቆመው ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ነገሡ፣ 54 ዓመት። አንዳንድ የክላን ሊደር ራሱን እንደሳቸው ያያል። በገዳ ሥርዓት ግን ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ይተላለፋል፤ ተረካቢው ቀኑን አስቀድሞ ያውቀዋል፣ አስረካቢውም ያውቀዋል። በጨዋታ ዓለምም ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በ2008 እ.ኤ.አ. ባይረን ሪቭስ፣ ቶማስ ማሎንና ቶኒ ኦድሪስኮል የሚባሉ ሰዎች ትልልቅ የኦንላይን ጨዋታዎችን አጥንተው ሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ላይ ጽፈው ነበር። ካዩት ነገር አንዱ መሪነት እዚያ ብዙውን ጊዜ ጊዜያዊ መሆኑ ነው። ዛሬ የመራ ሰው ነገ ሌላውን ይከተላል፣ ማንም እንደ ውርደት አያየውም።

ለክላን 8 ዓመት ይበዛል፣ ሦስት ወር በቂ ነው። ሦስት ሊግ ማለት ነው። የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን ቀን ክላኑ መግለጫ ላይ ጻፉት፣ ሁሉም ያየዋል። የጅማ አካባቢ ልጅ ከሆናችሁና የመረጣችሁት ሦስት ወር ጥቅምት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ከሆነ ደግሞ ሌላ ሦስት ወር ምረጡ፤ ለቀማ የማይሄድ የከተማ ልጅ ወይም ውጭ ያለ ሰው በዚያ ወቅት ይያዘው። ከመረከባችሁ በፊት ከአሮጌው ሊደር ጋር አንድ ዋር አብራችሁ ምሩ፣ እሱ በሊደርነቱ ሳለ። ማን ሌሊት እንደሚሠራ፣ ማን ተፈታኝ እንደሆነ፣ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ የሚያውቀው እሱ ነው፣ ይህን ጨዋታው አይጽፍላችሁም።

ሁለት የምታምኗቸው ኮ-ሊደሮች ከሌሉ ግን አትቀበሉ። ከእነሱ አንዱ ከእናንተ ጋር የማይስማማ ቢሆን ይመረጣል፤ የእኔ ሁለቱም ኮ-ሊደሮች «ልክ ነህ» ባዮች ነበሩ፣ በስተመጨረሻ አንዱ ዝም ብሎ ወጣ እንጂ ስሳሳት «ተው» ያለኝ አልነበረም።

እምቢ ማለት ከፈለጋችሁም ምክንያት መደርደር አይጠበቅባችሁም። «ሊደር አልሆንም፣ ግን ሊግ ላይ ሜዳል ለማን ይሰጥ የሚለውን ሰንጠረዥ እኔ እይዛለሁ» ብትሉ ራሱ ትልቅ ሥራ ነው። ሊደሩ የሚደክመው ሁሉን ብቻውን ስለሚይዝ ነው፣ አንዷን ብታነሱለት ምናልባት «ውሰድልኝ» ማለቱን ይተዋል።

እኔ ሊደርነቱን በጥር መለስኩ። ያ ያባረርኩት ልጅ አዲሱ ክላን ውስጥ ነው፣ እኔም ከወራት በኋላ ተቀበሉኝና ኤልደር ነኝ። ሊደራችን አጋሮ የምትኖር ልጅ ናት፣ ዋር የምታስጀምረው ሁሌም ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነው። በየወሩ መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ቻት ላይ ትለጥፋለች፦ «በዚህ ወር ማን ሥራ አለው?» ባለፈው ኅዳር 19 ሰው እጁን አወጣ። ሊጉን በ15 ሰው ገባን።